የሰባተኛው ቡችላ ጠያቂ

የአያ ሰይድን መሞት ያወቅሁት ስልኬ ሳይጮህ በመቅረቱ ነው።

በየገበያው ቀን ጠዋት፣ ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሱቄን ከፍቼ ገና የመጀመሪያውን ቁልፍ ሳልሸጥ ይደውሉልኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላዛነፉም። ሰላምታቸው አጭር ናት። ከሰላምታው በኋላ የምትመጣዋ ጥያቄ ደግሞ ከሰላምታው ታጥራለች።

“ሰባተኛውስ?”

“አልተገኘም አያ።”

“እሺ። አለን፣ አልሐምዱሊላህ።” ይዘጉታል።

ያን ቀን አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። የሚነዘንዘው ሰው ዝም ሲልለት ደስ የማይለው የለም፤ እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቁንም ለአንድ ደንበኛ የአንዱን ቁልፍ መክፈቻ ከሌላው ጋር አቀላቅዬ ሰጠሁት። አራት ሰዓት ላይ ራሴ ደወልኩ። ያነሳችው ልጃቸው ዘይነባ ናት። ከበስተጀርባዋ ብዙ ሰው ይሰማኛል።

“አስማረ፣ አባዬን ዛሬ ጠዋት ቀበርናቸው” አለችኝ።

ስለ እሳቸው ለመናገር ከራሴ ንግድ መነሳት ግድ ሆኖብኛል፤ ያገናኘን እሱ ነውና። እኔ ወልድያ መናኸሪያው በር ላይ ቁልፍ፣ ሰንሰለት፣ ማጠፊያና የእጅ ባትሪ እሸጣለሁ። ሰው ሌባ በፈራ ቁጥር እኔ እበላለሁ። ኮርቼ አይደለም የምናገረው፤ ዋሽቼም አይደለም። ያ የዘረፋ ጊዜ ካለፈ በኋላ የከተማው ሰው አንድ በር ላይ ሦስት ቁልፍ ማንጠልጠል ጀመረ። ቆየት ሲል ሦስቱም አላስተኛ አሉት። አንድ የእህል መጋዘን ያለው ደንበኛዬ፣ “አንተ አስማረ፣ የሚጮህ ቁልፍ የለህም?” አለኝ። ተሳስቀን ተለያየን። ነገሯ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። የሚጮህ ቁልፍ ማለት ውሻ ነው። ውሻ ደግሞ በወልድያ ያን ሰሞን ጠያቂው ብዙ፣ ሻጩ የለም። ነጋዴ እንዲህ ያለ ክፍተት ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም።

መርሳ ወንዙ ዳር የማንጎና የሙዝ ማሳ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጎበዝ ውሻ አለቻቸው፣ ስምንት ወልዳለች ሲሉኝ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ገና አጥሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ “አስተውይ! አስተውይ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሚስታቸውን የሚገሥጹ መስሎኝ ቆም አልኩ። አስተውይ የውሻይቱ ስም ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ቆብ የደፉ ሽማግሌ ከሙዙ መሐል ብቅ አሉ። አያ ሰይድ እሳቸው ናቸው።

“አሰላሙ አለይኩም አያ። ቡችላ ይሸጣሉ ብለውኝ ነው የመጣሁት።”

“ወአለይኩም ሰላም። ማንጎ ነው የምሸጥ። ቡችላ አልሸጥም።”

“ታዲያ ምን ያደርጓቸዋል?”

“እሰጣለሁ። ምን ይዘህ መጣህ?”

“ብር ነዋ።”

በዱላቸው ወደ ውሻይቱ አመለከቱ። “ብር ትበላለች እንዴ?”

በእሳቸው ቤት የቡችላ ሥርዓት ከአባታቸው የወረደ ነው። ቡችላ የሚሻ ሰው መጀመሪያ ለእናቲቱ ዱቄት ይዞ ይመጣና ተቀምጦ ያበላታል። እሷም እሱን ታየዋለች፣ እሱም እሷን ያያታል። ከዚያ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለተኛ የሚመጣው እናቲቱ ራሷ ጡት ስትከለክላቸው፣ ተጠግተዋት ስትነጫነጭ ነው። ያኔ አንድ ይወስዳል። አንድ ብቻ።

“ስንት ቀን ይፈጃል?” አልኳቸው።

“እሷን ጠይቃት።”

“እኔ እኮ ስምንቱንም ነው የምፈልግ። ዛሬውኑ።”

የግራ መዳፋቸውን በቀኝ አውራ ጣታቸው ፈተግ ፈተግ አደረጉ፤ ሲያስቡ እንዲህ ነው ልማዳቸው፣ የማይለቅ ቀለም የነካቸው ይመስል። “ስምንቱ የሚገቡበትን ቤት ታውቀዋለህ? ከማን ልጅ አጠገብ እንደሚተኙ?”

“ገዥው ያውቃል እንጂ እኔ ምን አገባኝ አያ?”

“እንግዲያው ስማኝ። እናቱን ያላየኸውን ቡችላ አትግዛ። ካሳዩህ የበሽታውን ግማሽ አየህ። ከደበቁህ ሁሉንም አየህ።”

ይህን ሲሉኝ አስተውይ ቀርባ እጄን ላሰችኝ። ሽማግሌው ክንዴን ይዘው ወደ መስኖው ቦይ ወሰዱኝ፤ አፈር ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝና “እጠብ” አሉ። አንድ ብለው መቁጠር ጀመሩ።

“እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ አያ።”

“እጅህ አላወቀም። እጠብ።”

ሰባት ጊዜ አስታጠቡኝ፤ አንዷን በአፈር። በሃይማኖታቸው የውሻ ምራቅ እንዲህ ነው የሚታጠበው። “ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምን ያኖሯታል?” ብዬ ነገር ፈለግኋቸው። “ምራቋ ነው ነጃሳ” አሉኝ፣ “ነፍሷ አይደለም።” የመጣሁበትን አላገኘሁም፣ እጄ ግን ከተወለድኩ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ እኚህ ሽማግሌ ንግድ አልገባቸውም ብዬ ፈረድኩ።

ንግድ የገባው ሰው ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። እዚያው ከመርሳ ወጣ ብሎ ምንይችል የሚባል የድሮ የዶሮ ቤት ያለው ሰው ነበር። ዶሮው አልሆነለትም፣ ውሻ አስገባበት። አባታቸው “ጀርመን” ነው ይላል፤ የትኛው ጀርመን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ገና በአምስት ሳምንታቸው በካርቶን ሞልቶ ወልድያ ድረስ ያመጣልኛል። ለምን እንዲህ ቶሎ ብለው፣ “ቡችላ ጥርስ ካወጣ ይበላል፣ ከበላ ያከስራል” ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። እናቶቹ ደግሞ አንዱን ሳያሳድጉ ሌላውን ያረግዛሉ። ለእያንዳንዱ ቡችላ ቢጫ የክትባት ካርድ ይሰጠኛል። የሁሉም ካርድ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን የተጻፈ ነው። ያንን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ አልምልም። በእኛ ሙያ ግን አለመጠየቅ እንደ ችሎታ ነው የሚቆጠረው፤ እኔም በዚህ ችሎታ ጎበዝ ነበርኩ። የዶሮ ቤቱን ደጅ ረግጬ አላውቅም።

አንድ ሳምንት ምንይችል ሰባት ይዞ መጣና ሳልከራከረው በግማሽ ዋጋ ተወልኝ። እጁም ፈጠን ፈጠን ይል ነበር። እኔ በተከራካሪነቴ የፈራኝ መሰለኝ። ሰባቱንም በአራት ቀን ሸጥኳቸው።

አንዱን የገዛኝ የዘይነባ ባል ነው። ዘይነባ የአያ ሰይድ ልጅ እንደሆነች ያኔ አላውቅም፤ እሳቸውም ሰውየው ከማን እንደገዛ አያውቁም። ሂክማ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቡችላው የሂክማን ጣት ነከሳት። እንደ እድል ሆኖ አያ ሰይድ ሊጠይቋቸው መጥተው ግቢው ውስጥ ነበሩ። ጎረቤት ተሯሯጠ፤ አንዷ ፌጦ ወቅጣ አመጣች፣ ቁስሉ ላይ ነስንሳ ልታስር። እዚህ አገር ውሻ ሲነክስ የሚደረገው ይኸው ነው፤ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው። አያ ሰይድ ሴትዮዋን በእጃቸው አገዷት።

“መጀመሪያ ውሃ” አሉ።

ሳሙና አስመጡ። ከቧንቧው ሥር ጣቷን ይዘው ያጥባሉ፣ ይቆጥራሉ፣ እንደገና ያጥባሉ። በእያንዳንዷ ቁጥር መሐል ከቁርኣን አንድ ነገር በለሆሳስ ይቀራሉ፤ ቅራታቸው አጭር አይደለም። ሂክማ ትጮኻለች። ባለ ፌጦዋ፣ “ልጅቱ ደሟ እየፈሰሰ እሳቸው ይቆጥራሉ!” ብላ ለመንደሩ አሳጣቻቸው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ወሰዷትና የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች። ያዩዋት ባለሙያ፣ “መርፌው ይቀጥላል፤ ግን ይህን ቁስል እንዲህ ያጠበው ማነው?” ብለው ጠየቁ። ከመርፌው ቀጥሎ ትልቁን ሥራ የሠራው ያ እጥበት ነው አሏቸው።

ቡችላውን ክፍል ውስጥ ቆለፉበት። እኔ በሸጥኳቸው ቁልፍ። በሦስተኛው ቀን ውሃ መዋጥ አቃተው፣ ድምፁ ሻከረ፣ የበሩን እንጨት ሲያኝክ ዋለ። ሞተ።

አያ ሰይድ በማግስቱ ሱቄ መጡ። ሂክማን በእጃቸው ይዘዋታል፤ ጣቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። አላወቁኝም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

“አንተ ያ ባለ ስምንቱ ነህ” አሉኝ። “ይህችን የነከሰውን ቡችላ የሸጥክ አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ አያ። እግዜር ይማርሽ የኔ ልጅ።”

“እናቱን አይተሃታል?”

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ የነጋዴ ውሸት ግን ዋጋ ላይ ነው የምታርፈው፣ ብትከፋ ኪስ ትጎዳለች። ልጅቱ ከታች ወደ ላይ እያየችኝ ነበር።

“አይቻታለሁ” አልኩ። “ደህና ናት።”

“ቀለሟስ?”

“ጥቁር።”

መዳፋቸውን ፈተጉ። “ተነስ አሳየኝ።”

ልጅቱን ለእናቷ አድርሰን ሚኒባስ ተሳፈርን። ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሳቸው በመስኮት ማሳ ማሳውን ያያሉ። ሌላ ጊዜ ያ መንገድ ያጥርብኛል፤ ያን ቀን ሲሪንቃ እስክንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ምንይችል ጥቁር ውሻ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ሲሪንቃን እንዳለፍን አልቻልኩም።

“አላየኋትም አያ።”

“አውቃለሁ።”

“በምን አወቁ?”

“አይቻታለሁ ብለህ ብትተው አምንህ ነበር። ሳልጠይቅህ ደህና ናት ብለህ መረቅህልኝ። ነጋዴ ሲመርቅ እፈራለሁ።”

ምንይችል ደጁ ላይ ተቀብሎን የሚያደርገው ጠፋው። “የቡችሎቹን እናት አሳየው” አሉት አያ ሰይድ። ወደ ጓሮ ዞረና አንዲት ቡላ ውሻ በገመድ ይዞ መጣ። የበላች፣ የታጠበች፣ የምታምር ናት። አያ ሰይድ ተንበረከኩ፣ በእጃቸው ሆዷን ዳበሱ፣ ጡቶቿን አንድ በአንድ ነኩ።

“ይቺ ወልዳ አታውቅም።”

“ወተቷ ደርቆ ነው እኮ አያ።”

“የደረቀ ጡትና ያልተከፈተ ጡት አንድ ነው? ማንን ነው የምታታልል አንተ ልጅ?” ተነስተው ቀጥ ብለው ወደ ዶሮ ቤቱ ሄዱ። ምንይችል ከፊታቸው ሊቆም ሞከረ። ሽማግሌው አልገፉትም፤ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው እስኪለቅ ጠበቁት። ለቀቀ።

ሽታው ነው መጀመሪያ የተቀበለን። በየሳጥኑ ላይ የዶሮ ሽቦ ታስሮ፣ ቀና ብለው በማይቆሙበት ከፍታ፣ ብርሃን በሌለበት አራት እናቶች ተደርድረዋል። አንዷ ጀርባዋ ላይ ጠጉር የላትም። ጡታቸው መሬት ይነካል። አንድም አልጮኸችብንም። እንግዳ ሲገባ ውሻ የማይጮህበት ቤት ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ እኔ ደግሞ የምሸጠው ጩኸት ነበር። አምስተኛው ሳጥን ባዶ ነው። ሽቦው ተቀዷል።

“የዚህኛውስ እናት?” አሉ አያ ሰይድ።

ምንይችል መሬት መሬት አየ። “ከውጭ አንድ እንግዳ ውሻ ገብቶ ነከሳት። ቆይታ ቆይታ ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጭ ጀመር። ገደልኳት።”

“መቼ ነው ማጋጨት የጀመረች? ቡችሎቹን ለዚህ ሰው ከመስጠትህ በፊት ነው በኋላ?”

የተቀደደውን ሽቦ በጣቱ ማቃናት ጀመረ።

“ጠየቅሁህ እኮ።”

“በፊት።”

በግማሽ ዋጋ የተወልኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የሽቦውን እንጨት ያዝኩ። ብስጭቴን የማወጣበት ቦታ ስፈልግ፣ “አንተ አውሬ!” ብዬ ጮህኩበት። እሱም ቀና አለ።

“እኔ ነኝ አውሬው? አያ ሰይድ፣ ይፍረዱ። ቶሎ ቶሎ አምጣ የሚለኝ እሱ ነው። ላስከትብና ዋጋ ጨምርልኝ ብለው፣ አያዋጣኝም ይላል። ስንት ጊዜ ወስዷል፤ አንድ ቀን መጥቶ ደጄን አልረገጠም። እናታቸውን አሳየኝ ያለኝ ሰው እስካሁን አንቱ ብቻ ነዎት።”

አያ ሰይድ ዞረው አዩኝ። ያን አስተያየት ከዚያ ዶሮ ቤት ሽታ ጋር አንድ ላይ ነው የማስታውሰው። ለምንይችል የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው፦ “የውሻም ሐቅ ሐቅ ነው፣ ልጄ። ነገ እመጣለሁ።” መጡም። ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር፣ ነገም ከነገ ወዲያም፣ ዶሮ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ መጡ። ያን ቀን ግን ቸኩለው ነበር።

“ስንት ነው የሸጥክ?” አሉኝ ገና መንገድ ላይ።

“ሰባት።”

“አንዱ ሞተ። ስድስቱ የት ናቸው?”

አምስቱን አውቃቸዋለሁ። ቤታቸውን ማለቴ ነው። በዚያው ቀን ጀመርን፤ አንድ ጓደኛዬ መኪናውን ሰጠን። በየደጁ ስንደርስ አያ ሰይድ አንድ እርምጃ ከኋላዬ ይቆማሉ። “አንተ ተናገር” ይላሉ። እኔ አንኳኳለሁ፤ “የሸጥኩልዎት ውሻ እናቱ አብዳ ነው የሞተችው፤ የተነከሰ፣ የተላሰ ቁስል ያለው ሰው አለ?” እላለሁ። እንዲህ ብሎ የሚያንኳኳ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ባለ መጋዘኑ ዘንድ ቡችላው ሞቶ ጥለውታል፤ ዘበኛው እጁ ላይ ተቧጭሯል። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቢጫውን ካርድ አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው። “ተከትቧል ይላል እኮ! ማኅተም አለው!” አለኝ። “እኔም አንብቤዋለሁ” አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ቡችላው አከራዩዋን ነክሷት እሷም ፌጦ አድርጋ አስራው ነበር። ሐራ ድረስ ሄደን አንዷን ሴትዮ ከነቡችላዋ አገኘን፤ እሷ ዘንድ ማንም አልተነካም። አራተኛው ቤትም ሰው አልተነካም፤ ቡችላው ግን ሞቷል።

አምስተኛው መካኒክ ነው፣ ትልቅ ጡንቻ ያለው ሰው። ልጁ ክርኑ ላይ ተነክሷል። ነገሩን ገና ሳልጨርስ ኮሌታዬን ይዞ ከመኪናው ጋር አጣበቀኝ። አያ ሰይድ ይገላግሉኛል ብዬ አየኋቸው።

“ከመታኸው በኋላ ልጁን አምጣው” አሉት፤ “መኪናው ቆሟል።”

መካኒኩ ለቀቀኝ። ግን ሆስፒታል አልሄድም አለ። “ጸበል ነው የምወስደው። አባቴም ተነክሶ በጸበል ነው የዳነ።”

“ጸበሉንም ውሰደው” አሉ አያ ሰይድ። “እኔም ዱዓ አደርጋለሁ። መርፌው ግን ይቅደም። መርፌ በማንም አይቀናም።” ሰውየው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ልጁን ተሸክሞ መኪናው ውስጥ ገባ።

የመርፌውን ወጪ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። እንድትመርቁኝ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ አያ ሰይድ አጠገቤ ቆመው ስላስከፈሉኝ ነው። የተነከሱት ሁሉ በጊዜው ጀምረው ጨረሱ። ሁሉም አሉ። መካኒኩ ዛሬም ሰላም አይለኝም። የቀሩትን ቡችሎች ሰፈርተኛው በድንጋይ ሊጨርሳቸው ሲነሳ አያ ሰይድ፣ “በድንጋይ አይሆንም፣ እነሱ ምን አደረጉ?” ብለው መሐል ቆሙ። ባለሙያው በመርፌ አሳረፋቸው። እሳቸው እስኪያልቅ ድረስ ከአጠገባቸው አልራቁም።

ሰባተኛው ቀረ።

ሰባተኛውን የሸጥኩት መናኸሪያው ውስጥ፣ ሊንቀሳቀስ በተዘጋጀ ሚኒባስ መስኮት ነው። ወደ መርሳ አቅጣጫ የሚሄድ። አንዲት ሴት ቢጫ የላስቲክ ቅርጫት ዘረጋችልኝ፣ ከተትኩላት፣ መኪናው ተነሳ። አማቷ ማሽላ እንደሚጠብቁ፣ ለሳቸው እንደምትወስደው ነግራኛለች። ስሟን አልጠየቅሁም። አገሯን አልጠየቅሁም። ልጅ ይኑራት አይኑራት አላውቅም።

አያ ሰይድ መስጊድ አስነገሩ። እኔ ቄሱን ለመንኩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ ተናገሩ። አልተገኘችም። በመርሳ የገበያ ቀን አያ ሰይድ የአይጥ መርዝ እያስተዋወቀ የሚዞር አንድ ሰው አስቆሙና ድምፅ ማጉያውን ተውሰው እጄ ላይ አኖሩት።

“ይናገሩልኝ አያ” አልኳቸው። “እርስዎን ሰው ያከብራል።”

“ሴትዮዋ እኔን አታውቀኝም። አንተን ነው ያየችህ። ስምህን ጥራ፣ ፊትህን አሳይ።”

ሃያ ዓመት ስም ስገነባ ኖሬያለሁ፤ ከመርሳ የሚመጣ ገበሬ ሁሉ ቁልፍ ከእኔ ነው የሚገዛ። ገበያው ሙሉ ነበር። ድምፅ ማጉያው ላይ ከበድ ብሎ መተንፈሴ እስከ በጉ ተራ ድረስ ተሰማ።

“እኔ አስማረ ነኝ። ወልድያ መናኸሪያው በር ላይ ቁልፍ የምሸጠው። በቢጫ ቅርጫት ቡችላ የገዛሽኝ እህቴ፣ የሸጥኩልሽ በሽተኛ ነው። እናቱን ሳላይ ነው የሸጥኩልሽ። የነከሰው፣ የላሰው ሰው ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። ወጪው የእኔ ነው። አሁን ደህና ቢመስል እንኳ አትመኝ።”

ከዚያ ከበርበሬ ተራ አንዱ፣ “ባለ ቁልፉ ውሻ ፈታብን!” ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ተከተለ። ሌላው ቀጠለ፣ “ለአይጡስ መርዝ አለህ፣ ላንተስ ምን ይገኝልን?” ባለ መርዙም ሳይቀር ሳቀ። አያ ሰይድ አልሳቁም። “ድገመው፤ ከታች በኩል አልተሰማም” አሉኝ። ደገምኩት። በሚቀጥለው ገበያም፣ በሚቀጥለውም ደገምኩት። የመጣ የለም።

ከዚያ ወዲህ ነው ስልኩ የጀመረው። ሰባተኛውስ? አልተገኘም። እሺ። ዓመት ሲያልፍ አንድ ጠዋት ተሰላቸሁ፤ ገበያም ቀዝቅዞብኝ ነበር።

“አያ፣ አመት አለፈ እኮ! ምንም ባይደርስባቸው ነው ወሬ ያልሰማን። ከደረሰባቸውም…”

“ከደረሰባቸውስ?”

“ለምንድነው የሚጠይቁኝ?” አልኩ።

“ቅርጫቱ ቢጫ ነበር ያልከኝ አንተ ነህ። ፊቷን የሚያውቅ በዚህ አገር አንተ ብቻ ነህ። አንተ ከተውካት ማን ቀረላት?” ብለው ዘጉ። ከዚያ በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ቢጫ ቅርጫት ባየሁ ቁጥር ሱቄን ጥዬ እሮጣለሁ። የመናኸሪያ ሰው እንደ እብድ ያየኛል። ብዙ ቢጫ ቅርጫት አለ በዚህ አገር።

ለቅሶ የሄድኩት ዘይነባ በነገረችኝ ማግስት ነው። ከለቅሶው ድንኳን ወጥቼ ወደ ማሳው ዞር አልኩ። በእጄ ሁለት ኪሎ ዱቄት ይዣለሁ። አስተውይ አርጅታ ሞታለች፤ አሁን ያለችው ልጇ ናት፣ ማንጎው ሥር አምስት አቅፋ ተኝታለች። አጠገቧ ሂክማ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጣቷ ላይ ያለችው ጠባሳ የምስር ፍሬ ታክላለች።

“ስንት ፈልገህ ነው?” አለችኝ።

“አንድ። ለራሴ።”

“ዛሬ አትወስድም እኮ።”

“አውቃለሁ።”

ዱቄቱን በውሃ አሸሁና አቀረብኩላት። እናቲቱ በላች። ጨርሳ እጄን ላሰችኝ። ሂክማ ተነስታ ወደ ቦዩ መራችኝ፣ አፈር አሲዛኝ ቆጠረችልኝ። እንደ አያቷ ከሰባቱ አንዷንም አላጎደለችም። እጄን ሳደርቅ ቆማ አየችኝ።

“ቅርጫቱ ቢጫ ነው አይደል?”

“ቢጫ ነው።”

“ሴትየዋስ ምን ትመስላለች?”

ነገርኳት። ቀይ ዳማ፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት፣ አረንጓዴ ሻርፕ። ለአያ ሰይድ እንኳ ፍንጭቱን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር፤ ስትጠይቀኝ ነው ትዝ ያለኝ። ራሷን ነቅንቃ ወደ ውሻይቱ ተመለሰች።

በመንገዴ ሁሉ አንድ ነገር አስብ ነበር፤ ሳልደብቅ ልናገረው። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ የለም ብዬ አስብ ነበር። ደስታ አይሉት፣ ሐዘን አይሉት። የተሸከመው ዕቃ ድንገት ከጀርባው የወረደለት ሰው ወደ ፊት እንደሚንገዳገደው እንዲያ ነበርኩ።

የሚቀጥለው ገበያ ቀን ሱቄን ከፈትኩ። ሰንሰለቶቹን ሰቀልኩ። አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ስሙን ሳይ እጄ ላይ ያለው ቁልፍ ወደቀ፤ “አያ ሰይድ” ይላል።

አነሳሁት። ከወዲያ የትምህርት ቤት ልጆች ጫጫታ ይሰማል። ስልኩን የያዘችው ግን አልቸኮለችም፤ ሰላምታዋን በሥርዓቱ አደረሰች።

“ሰባተኛውስ?” አለች።